አሮጌዋ ካሜራ ወደ ኮልቾ ስትወርድ

ሰኞ ንጋት፣ ጂንካ

ጉሙ ከተራሮቹ ላይ ገና አልተነሳም። የታምራት ፒክአፕ የእትዬ አስካለ ፎቶ ቤት በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ከኋላው ሳሙና፣ ብስኩት፣ የባትሪ ድንጋይና ባዶ ጄሪካን ተጭኖ ሸራ ተወጥሮበታል። ከፊት ለሦስት ተጠጋግተን ተቀምጠናል፤ ታምራት መሪው ላይ፣ እኔ መሐል፣ እትዬ አስካለ በመስኮቱ በኩል። የተሻለውን ቦታ የያዘችው ግን ካሜራዋ ናት። በፎጣ ተጠቅልላ እትዬ አስካለ ጭን ላይ ተቀምጣለች።

«ሕፃን ናት እንዴ እትዬ?» አለ ታምራት።

«ሕፃንስ ሲያመው ያለቅሳል። ይቺ ዝም ብላ ነው የምታረጀው።»

እትዬ አስካለን ለማያውቅ አንባቢ፦ አባቷ ከሰሜን በሥራ መጥተው ጂንካ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ፎቶ አንሺ ሆነች። በፊልም ጀመረች። ፊልም ከሱቅ መጥፋት ሲጀምር ይቺን ዲጂታል ካሜራ ገዛች። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው ለመታወቂያም፣ ለፈተናም፣ ለሠርግም ፊቱን ያስነሳው በእሷ ነው። አሁን ሁሉም ስልክ ይዟል። ፎቶ ቤቱ ሊዘጋ ነው፤ ካሜራዋም ተሽጣለች።

የገዛት ጊኖ የሚባል የኮልቾ ጎልማሳ ነው። ከኦሞ ወንዝ በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለችው መንደር ተወልዶ፣ ቱርሚ ላይ ለቱሪስቶች መንገድ እየመራ አማርኛ የለመደ። ፍየሎቹን ሸጧል፤ የራሱን ብቻ ሳይሆን የእናቱንም። ከቱርሚ ደውሎ ዋጋው ከማለቁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቋል፦ «ቁጥሯ ስንት ደርሷል?» አስጎብኚ ጓደኞቹ፣ ካሜራ የሚያረጀው በዓመት ሳይሆን ባነሳው ፎቶ ብዛት ነው ብለውት ነው። እትዬ አስካለ የመጨረሻውን ፎቶ ከፍታ ቁጥሩን አነበበችለት። አራት ሺህ ከምናምን። «ገና ልጅ ናት» አለችው። ልጁም በዚህ ቃል ፍየሉን ነድቶ ገበያ ወጣ።

እኔ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ሠራተኛ ነኝ። ጂንካ ስኖር ብዙ ዓመቴ ነው፤ ኦሞን ግን በካርታ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም። ትምህርት ቤት ተዘግቷልና ልከተልሽ አልኳት።

«ነይ» አለችኝ፤ «ግን መንገድ ላይ መጽሐፍ አታንብቢ፤ ያዞርሻል።»

ሰኞ ረፋድ፣ ካኮ

ካኮ የሰኞ ገበያ ነው። ከላይ ከደጋው የወረዱት አሪዎች ጎደሬ፣ ቦዬና ሙዝ ዘርግተዋል፤ ከታች የመጡት ባናዎች ማር በቅል፣ ቅቤ በቅጠል ይዘዋል። ማንጎ አራቱ በሃያ ብር። ለጨው ሰልፍ አለ። ፍየል በገመድ፣ ዶሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ የሞባይል ቻርጀር በእንጨት ላይ ተደርድሮ።

እትዬ አስካለ ሰማያዊ አንሶላዋን በመኪናው ጎን ወጠረች። ይህን ገበያ ለዓመታት ተመላልሳበታለች፤ ካሜራዋን ከማስረከቧ በፊት አንዴ ልሥራበት ብላ ነው። ፎቶውን ጂንካ አሳትማ ታምራት በሳምንቱ ያደርስላቸዋል። ሰው ወዲያው ተሰበሰበ።

«ባርኔጣህን አውልቅ» አለችው አንድ ሽማግሌ።

«ለምን?»

«የመታወቂያ ነው ያልከው። መታወቂያ በባርኔጣ አይሆንም።»

«ያለ ባርኔጣ ማን ያውቀኛል?»

ሰልፈኛው ሳቀ። «እውነቱን ነው! ሚስቱም አታውቀው!» አለ ከኋላ አንዱ። ሽማግሌው አወለቀ፤ ግንባሩ ከፊቱ ሌላ ቀለም ነበር። ፎቶ ተነሳ።

እትዬ አስካለ ፎቶውን አየችና ቅንድቧን ሰበሰበች። ከታች በኩል፣ የሰውዬው ደረት ላይ፣ ጥቁር መቀነት የመሰለ ጥላ ተጋድሟል። ሌንሱን ጠረገች፤ ደግማ አነሳችው። ንጹሕ። ሦስት ሰው ካነሳች በኋላ ጥላው ተመለሰ።

«የአንሶላው ጥላ ነው» አለች።

አንሶላው ከሰውዬው ጀርባ ነው፤ ጥላው ከደረቱ ላይ። ይህን አስተውያለሁ። በሰው ፊት ግን አላነሳሁትም።

ሰኞ ምሽት፣ ቀይ አፈር

ስሟ እንደሚለው አፈሯ ቀይ ነው፤ ጥርሳችን ሥር ድረስ ገብቷል። የፍየል ጥብስ ቀረበልን፤ አጥንቱ ከሥጋው ይበዛል። እጃችንን እየታጠብን ሳለ የያዝኩትን አወጣሁት።

«እትዬ፣ ያ ቁጥር… ለጊኖ የነገርሽው።»

«አራት ሺህ ምናምን። ምን ሆነ?»

«የፎቶው ስም አራት አኃዝ ብቻ ነው የሚይዘው። የትምህርት ቤታችን ካሜራ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ከሞላ በኋላ ወደ አንድ ተመልሷል። እኔው ነኝ ያየሁት፤ ፎቶዎቹን በተራ የማስቀምጠው እኔ ስለሆንኩ። ያንቺም እንደዚያ ነው።»

እጇን በሶፍት አደረቀች።

«ስንት ጊዜ ዞራለች ማለትሽ ነው?»

«አላውቅም። ግን የአንድ ከተማ ሰው… ከአሥር ጊዜ በላይ ሳትዞር አልቀረችም።»

ታምራት ጥብሱን ማኘክ አቆመ። «የኔ መኪና ኪሎሜትር መቁጠሪያ ከቆመ ስንት ዘመኑ!» አለ ሊያረግብልን። «መኪናዋ ግን አልቆመችም። ቁጥር ምን ያደርጋል ቲቸር?» ቲቸር አይደለሁም ብዬ ማረሙን ትቻለሁ።

«አንተ መኪናህን ልትሸጥ አልወጣህም» አልኩት። ከዚያም የማውቀውን ተናገርኩ። ካሜራዋ ውስጥ ሻተር የሚሉት አለ፤ እንደ ዓይን ቆብ በእያንዳንዱ ፎቶ የሚከፈትና የሚከደን ስስ መጋረጃ። ፋብሪካዎቹ ይህን ያህል ጊዜ ይከፈታል ብለው ይገምታሉ። አንዳንዱ ካሜራ መቶ ሺህ ይባልለታል፣ አንዳንዱ ከዚያ ያንሳል። ግምት ነው፤ ከተባለው ቀድሞ የሚሰበርም አለ፣ ከተባለው እጥፍ የሚሄድም አለ። ሲደክም ግን መጋረጃው በሰዓቱ አይነሳም፤ ያኔ ፎቶው ላይ ጥቁር መቀነት ይጋደማል።

እትዬ አስካለ ሳህኑን ገፋችው።

«ስለዚህ ሌባ ነኝ።»

«አላልኩም።»

«ልጁ የእናቱን ፍየል የሸጠው በምን ላይ ነው? በኔ ቃል! በገዛት በወሩ ብትሞትበት፣ መንደሩ ሲስቅበት፣ የማን ስም ነው የሚነሳው? የአስካለ!» ድምጿ ከፍ አለ። «ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ፎቶዬ ተበላሸ ብሎ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም። አንቺ ደግሞ ጥብስ ላይ ቁጭ ብለሽ…»

«ቀድሜ ባውቀው ጂንካ እነግርሽ ነበር። ስንት እንዳልሽው የሰማሁት ዛሬ መኪና ውስጥ ነው።»

«ታውቂ ነበርና ካኮ ላይ ለምን አልተናገርሽም?»

«ሰልፍ ነበረብሽ።»

ካሜራዋን ከነፎጣዋ አቅፋ ወደ አልጋዋ ሄደች።

ማክሰኞ፣ አልዱባ

ዛሬ የአልዱባ ገበያ ነው። መንገዱ ላይ ሰውና ከብት እኩል ይሄዳል፤ ታምራት ጥሩምባውን ሲነፋ የሚዞርለት ከብቱ ብቻ ነው። ሴቶቹ ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ጎንጉነዋል፤ ወንዶቹ ትንሿን በርጩማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለዋል። የተፈላ የቡና ገለባ በትልቅ ቅል ተሰጠኝ፤ ጠጣሁ። ስኳር የለውም፣ ያስፈልገዋል ብዬም አላሰብኩም።

እትዬ አስካለ ከእኔ ጋር አትነጋገርም። «በላት» ትለዋለች ታምራትን፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ። «አንሶላውን በዚያ በኩል ትያዝ በላት።» ያዝኩ። የያዝኩበት ቦታ ጥሩ ነበር፤ ስትሠራ በቅርብ አየኋት።

ሰውን አቁማ ትመለከተዋለች። ኮሌታውን ታስተካክላለች። አገጩን በሁለት ጣት ቀና ታደርጋለች። ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ዓይኗን ታስጠጋለች፣ ትጠብቃለች። ሰውዬው ትንፋሹን ሲለቅ አንዴ ትጫናለች። አንዴ ብቻ። ከዚያ፦ «ቀጣይ!»

እኔ እስካሁን ያየሁት ፎቶ አንሺ ሁሉ አንዱን ሰው አምስትና ስድስት ጊዜ አንስቶ ጥሩውን የሚመርጥ ነው።

«ሁልጊዜ አንዴ ነው የምታነሺው?» ብዬ ጠየቅኳት፤ ኩርፊያውን ረስቼው።

እሷም ረሳችው። «ፊልም ሠላሳ ስድስት ሰው ነው የሚይዘው። አንዱን ካበላሸሽ የአንድ ሰው ጉርሻ ነው የደፋሽው። ፊልም ደግሞ በአውቶቡስ ነበር የሚመጣልን፤ ዝናብ ከጣለ መንገዱ ተቆርጦ ይቀራል። ጣቴ በዚያ ነው የለመደው።»

አሰብኩበት። «እንግዲያው ትናንት ያልኩሽ በዝቷል። ከአሥር ጊዜ በታች ሳይሆን አይቀርም የዞረችው።»

«አሁን ልታጽናኚኝ ነው?»

«አይደለም። ሒሳቡን እያስተካከልኩ ነው።»

ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ፎቶዋን ግን አሳየችኝ፤ ጥቁሩ መቀነት ከትናንቱ ሰፍቷል። «ቢያንስም ቢበዛም ደክማለች» አለች። «ለልጁ የምነግረው እኔ ነኝ። አንቺ ቁጥር ከተጠየቅሽ ብቻ ትመልሻለሽ።»

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ቱርሚ

የዲመካን ከተማ ካለፍን በኋላ ሙቀቱ በር ከፍቶ እንደሚገባ እንግዳ ነው፤ ሳይጠየቅ ይቀመጣል። ግራር፣ ከሰው ቁመት የበለጠ ኩይሳ፣ መንገድ አቋርጣ የምትበር ጅግራ። አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። እትዬ አስካለ ካሜራዋን በፎጣው ላይ ነጠላዋን ደርባ ጠቀለለቻት፤ እሷ ግን ላቧን የምትጠርግበት አጣች።

ቱርሚ እንደደረስን ለጊኖ ደወለች፤ ከመድረሳችን በፊት ሰምቶ ይቅርብኝ ማለት እንዲችል። ኮልቾ ግን ኔትወርክ የለም። ደጋግማ ሞከረች።

«እሺ» አለች ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ እየጨመረች። «ፊት ለፊት ይሻላል። ክፉ ነገር በስልክ ሲነገር ይብሳል።»

ረቡዕ፣ ኮልቾ

መንደሯ ጋ ስንደርስ መሬቱ ከፊታችን ያልቅና ኦሞ ከታች ይታያል። በካርታዬ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነው። እዚህ ሰፊ ነው፣ ቀለሙ እንደ ወተት ሻይ፤ እንደ ክንድ ታጥፎ ማሽላውን አቅፏል። ለጥቂት ጊዜ ስለ ካሜራም ስለ ቁጥርም አላሰብኩም።

ጊኖ ሮጦ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በአንድ ጆሮው ብዙ ጉትቻ። «እማማ አስካለ! መጣሽ!» እጇን በሁለት እጁ ያዘ፤ እየጎተተም ወደ አንዲት አዲስ የእንጨት ክፍል ወሰደን። በሩ ላይ በነጭ አፈር «ጊኖ ፎቶ» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ በግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል፤ አንድ በርጩማ። ውጭ ሰዎች ተሰብስበው ቆመዋል፤ ግማሾቹ ፊታቸውንና ደረታቸውን በነጭ አፈር ነጠብጣብ አስጊጠዋል።

«ፈረንጅ ሊመጣ ነው?» አልኩት።

«ፈረንጅ የለም ዛሬ። ለኔ ነው የተቀቡት።» ሳቀ። «ቱሪስት ያነሳናል፣ ፎቶውን ይዞ ይሄዳል። እናቴን ስንት ሺህ ሰው አንስቷታል፤ እቤታችን አንድ ፎቶዋ የለም። እኔ ቱርሚ አሳትሜ አመጣለሁ አልኳቸው። ሁሉም ጠበቀ።»

እትዬ አስካለ ተመለከተችኝ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና፣ ነገሩን ሳትጠመዝዝ፣ ነገረችው። ቁጥሩ እንደሚዞር። እሷም እንደማታውቅ። ካሜራዋ እንደደከመች። ካኮና አልዱባ ያነሳቻቸውን፣ መቀነት የተጋደመባቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አሳየችው። «ብትተዋት አልቀየምህም። ብርህ ያንተው ነው፤ አልነካውም» አለችው።

ፊቱ ጠቆረ። «ስንት ቀረላት?» ጥያቄው ለእኔ ነበር።

«ማንም አያውቅም» አልኩት። «ነገ ልትቆም ትችላለች። ብዙ ዓመትም ልትሄድ ትችላለች፤ እንደ አያያዟ ነው።»

እናቱ በሩ ላይ ቆማለች፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ አማርኛ የማትሰማ። ጊኖ በቋንቋቸው አስረዳት። ሲጨርስ ካሜራዋን አነሳ፤ ደህና መሆኗን ለራሱ ሊያይ ይመስለኛል። ወደ ውጭ አዙሮ ቁልፏን ተጫነ። አልለቀቀም። ታ-ታ-ታ-ታ-ታ-ታ-ታ።

እናቱ ጣቷን እያጠፈች ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። እዚህ ቱሪስት ለእያንዳንዱ ፎቶ ይከፍላል፤ የሻተር ድምፅ መቁጠር የለመደ ጆሮ አላቸው።

«ኧረ በማርያም! ልቀቅ!» እትዬ አስካለ ተነስታ ክንዱን ያዘች። «ምን እያደረግህ ነው?»

«ፎቶ እያነሳሁ ነው።»

«ማን ነው እንደዚህ ያስተማረህ?»

«ቱሪስት።» ግራ ገባው። «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያነሱት። ከልጅነቴ ጀምሮ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነው ያየሁት። እንደዚህ አይደለም እንዴ?»

ፎቶ ማንሳትን ከፊት ሆኖ፣ እየተነሳ የተማረ ሰው ነው። የያዘው ሁሉ የሌሎች ሰዎች ልማድ ነው፤ ካሜራቸው ሲሞት ሌላ የሚገዙ ሰዎች ልማድ።

እናቱ መናገር ጀመረች። ጊኖ ሰማት፤ አልተረጎመልንም።

«ምን አለች?»

«ተዪው እማማ።»

«ፍየሌን መልሱ አለች?»

«አይደለም። ፍየሉማ ተበልቷል አለች።» አንገቱን ደፋ። «ያረጀች ላም አይተን እንገዛለን፣ ነውር የለውም ትላለች። ግን ያለ ጥጃዋ ወተት ስለማትሰጥ፣ የሚሸጣት ሰው ከነጥጃዋ ነው የሚሸጠው። ጥጃዋ የት አለች? ትላለች።»

«ዋጋውን ልቀንስላት» አለች እትዬ አስካለ።

ጊኖ ጠየቃት። መልሷ አጭር ነበር።

«ብር አይታለብም ትላለች።»

ውጭ የቆሙት ሳቁ። እትዬ አስካለ አልሳቀችም። ካሜራዋን ከጊኖ እጅ ወሰደች፣ ባትሪዋን አወጣች፣ ባትሪውን ኪሷ ጨመረች፣ ካሜራዋን መለሰችለት። ከዚያ ወደ መኪናው ሄዳ ቦርሳዋንና ሰማያዊ አንሶላዋን አወረደች።

«ታምራት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ ትወስደኛለህ።»

«የት ልትተኚ ነው እትዬ?»

«ይሄው ክፍል አለ አይደል? ስሜ አልተጻፈበትም እንጂ።» ወደ ጊኖ ዞረች። «ጥጃዋ እኔ ነኝ በላት። አንተ አንድን ሰው በአንድ ፎቶ ብቻ ማንሳት እስክትችል አልሄድም በላት።»

ተረጎመ። አሮጊቷ እትዬ አስካለን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ አንድ ነገር አለች፤ መንደሩ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ጊኖ ለመናገር አፈረ።

«በል እንጂ!»

«ጥጃዋ ከላሟ ታረጃለች ትላለች።»

እትዬ አስካለም በመጨረሻ ሳቀች፤ ዓይኗ እስኪያነባ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ መልስ

ታምራት ሸቀጡን እስኪያራግፍ ትምህርቱን ተመለከትኩ። እትዬ አስካለ ነጭ ጨርቁን ደጅ ወጥራ፣ አይኬ የሚባል ሽማግሌ ፊቱ አቁማ፣ ጊኖን ባትሪ በሌላት ካሜራ መመልከቻ መስኮት እንዲያየው ታዝዘዋለች። «ምን ታያለህ?» «አይኬን።» «አይኬ ምን እያደረገ ነው?» «ቆሟል።» «እየተነፈሰ ነው፤ ትከሻውን እይ። ሲወርድ ንገረኝ።» ጊኖ «አሁን!» ይላል። «ዘግይተሃል።» «አሁን!» «ቸኩለሃል።» ተመልካቹም አብሮ «አሁን!» ማለት ጀመረ። ሽማግሌው መቆም ሲሰለቸው ሌላ ተተካ። ተማሪውና አስተማሪዋ ግን ፀሐዩ የተሰማቸው አይመስሉም።

ስንሰናበት ባትሪውን ለጊኖ መለሰችለት። እኔን ሳመችኝ። «ፎቶ ቤቱን አየት አድርገሽ ቆልፊልኝ፤ በሩን አንዴ ገፋ አድርገሽ ነው የሚዘጋው» አለችኝ። ገባንና ታምራት ሞተሩን አስነሳ።

«አጥፋው!» ጮኸች ከክፍሉ በር። «አጥፋው አንተ! አቧራ!»

አጠፋው። ከፊት አሁን ለሁለት ሰው ሰፊ ነው። በመስኮቱ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ጊኖ ካሜራዋን ወደ ዓይኑ አስጠግቷል፤ ፊት ለፊቱ አይኬ ተመልሶ ቆሟል። አቧራው ቀስ ብሎ መሬት ያዘ። ጊኖ ጠበቀ። የሽማግሌው ትከሻ ወረደ።

ቀጭ።

ጣቱን አነሳ። እናቱ ከሰዉ መሐል አንድ ጣቷን ወደ ላይ አቆመች፤ ሌላ እየጠበቀች ትንሽ ቆየች፤ ሌላ አልመጣም። እትዬ አስካለ ከትከሻው በላይ ጎንበስ ብላ ፎቶውን አየች፤ ምን እንዳየች አልነገረችንም። በእጇ ብቻ ምልክት ሰጠችን፤ አሁን ሂዱ።